ሲምፕል ፕረዘንት ወይስ ፕረዘንት ኮንቲኒውየስ? ባህር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማረው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለፈተና የሚዘጋጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ እንግዳ ይዞ ወደ ዘጌ የሚሻገር አስጎብኚ አለ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ትእዛዝ የሚቀበል አስተናጋጅ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳም አለ። «አይ ዎርክ» እና «አይ አም ዎርኪንግ» መቼ መቼ እንደሚባሉ ግን ሁሉም ይጠይቃል። ሕጉን ሸምድዶ ፈተና ላይ የሚመልስ፣ አፉን ሲከፍት ግን የሚደናገር ሰው ብዙ ስለሆነ መልሱን ከነምክንያቱ እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ምሳሌዎቹን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው፤ ጆሮ ካልለመደው አፍ አይደፍረውም።

ሁለቱ ባጭሩ በምን ይለያያሉ?

ሲምፕሉ ነገሩን ቋሚ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ልማድ፣ ሙያ፣ ደንብ፣ የተፈጥሮ እውነት። ኮንቲኒውየሱ ደግሞ ተጀምሮ ያላለቀ፣ ለጊዜው የሆነ ወይም በመለወጥ ላይ ያለ ነገር መሆኑን ይናገራል። «ሂ ፊሽስ ኦን ሌክ ታና» ካላችሁ ሰውዬው ዓሣ አስጋሪ ነው፤ በዚህ ሰዓት ቤቱ ተኝቶም ሊሆን ይችላል። «ሂ ኢዝ ፊሺንግ ኦን ሌክ ታና» ካላችሁ ግን አሁን ታንኳው ላይ ነው፤ ሙያው አናጺ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ አይጎዳም። አንዳንድ መጽሐፍ ኮንቲኒውየስ የሚለውን ፕሮግረሲቭ ይለዋል፤ ያው አንድ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት «ናው» ካለ ኮንቲኒውየስ፣ «ኤቭሪ ዴይ» ካለ ሲምፕል ተብለን ነው የተማርነው። ስሕተት ነው?

ለፈተና ወረቀት ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ለንግግር ግን አይበቃም። ሰው ሲያወራ እነዚህን ቃላት እየጠራ አያወራም፤ ምልክት የሚጠብቅ ተማሪም ምልክቱን ሲያጣ ይቆማል። ደግሞም «ናው» ራሱ ከሲምፕል ጋር ይገባል፦ «ናው አይ አንደርስታንድ» ማለት አሁን ገባኝ ነው። «ናው ሺ ሊቭስ ኢን ባህር ዳር» ማለት ድሮ ሌላ ቦታ ነበረች፣ አሁን ኑሮዋ እዚህ ነው ማለት ነው። «ኤቭሪ ዴይ» ደግሞ ከኮንቲኒውየስ ጋር ይገጥማል፦ «አይ አም ጎይንግ ቱ ዘ ላይብረሪ ኤቭሪ ዴይ ዚስ ዊክ»። በየቀኑ ነው የሚሄደው፣ ግን ለዚህ ሳምንት ብቻ፤ ፈተናው ሲያልቅ ይቀራል።

«አይ አም ለርኒንግ ቱ ድራይቭ» የሚል ሰው ይህን ሲናገር መሪ አልጨበጠም፤ ቡና እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ግን ተጀምሮ አላለቀም፤ ኮንቲኒውየስ ያሰኘውም እሱ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን «አሁን ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ቋሚ ነው ወይስ ለጊዜው?» በሉ። እኔ ከሁሉም ሕግ አስቀድሜ የማስተምረው ይህን ጥያቄ ነው፤ ሰዓት ከማየት ይልቅ ተናጋሪው ነገሩን እንዴት እንዳየው ስለሚያሳይ።

ለእኛ ለምን እንዲህ ይከብዳል? አማርኛም እኮ «እየሠራሁ ነው» አለው።

አለው፤ ችግሩ «እሠራለሁ» ላይ ነው። ይህ ቅርጽ አማርኛ ውስጥ ሦስት ሥራ ይሸከማል። «ባንክ እሠራለሁ» ሲሆን ሙያ ነው። «ነገ እሠራለሁ» ሲሆን የወደፊት ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው «ወዴት ትሄዳለህ?» ስትሉት ደግሞ የአሁን ነው፤ ሰውዬው እየሄደ ነው። ሦስቱንም በአንድ ልብስ ስለምናያቸው እንግሊዝኛ ስንናገር ሁሉንም ወደ ሲምፕል እንወስዳቸዋለን። ባጃጅ ነጂው እንግዳውን «ዌር ዱ ዩ ጎ?» ይለዋል። እንግዳው ይገባዋል፣ ግን የሰማው «አብዛኛውን ጊዜ የት የት ትሄዳለህ?» የሚል ነው። የሚባለው «ዌር አር ዩ ጎይንግ?» ነው።

ከዚህ የባሰው «ምን ትሠራለህ?» ነው። «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ሙያ ይጠይቃል፤ መልሱ «አይ አም ኤ ነርስ» ነው። «ዋት አር ዩ ዱይንግ?» ያለበትን ሁኔታ ይጠይቃል፤ መልሱ «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ማይ ብራዘር» ነው። አማርኛው ሁለቱንም «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ በአንድ ያልፋል፤ ማን እንደሚጠይቅ፣ የት እንደሆነ፣ በምን ድምፅ እንደተባለ አይተን እንለየዋለን። እንግሊዝኛው ግን ከግሡ ላይ ይለየዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይህኛው ብዙ ሰው አያስተውለውም። አማርኛ «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ተኝቷል»፣ «ለብሷል» ይላል፤ ድርጊቱ አልቆ ውጤቱ እንዳለ አድርጎ ነው የሚያየው። እንግሊዝኛ እነዚህን በኮንቲኒውየስ ነው የሚያያቸው፦ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ነጠላ»። «ሺ ዌርስ ኤ ነጠላ» ካላችሁ ነጠላ የመልበስ ልማድ አላት ማለት ነው። ጓደኛችሁን ሰው መሐል የምትጠቁሙ ከሆነ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ» ማለት አለባችሁ፤ አለዚያ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም።

አስጎብኚ ነኝ። ስለ ጣና ሳስረዳ የቱን ልጠቀም?

አብዛኛው ማብራሪያችሁ ሲምፕል ነው፣ ምክንያቱም ትናንትም ነገም እውነት የሆነ ነገር ነው የምትናገሩት። «ሌክ ታና ላይስ አት አባውት 1800 ሚተርስ»፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። «ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራ ኤንድ መገጭ ፍሎው ኢንቱ ዘ ሌክ። ዘ አባይ ፍሎውስ አውት ኦፍ ኢት አት ባህር ዳር»። ወንዝ በዚህ ደቂቃም ይፈሳልና «ኢዝ ፍሎዊንግ» ለማለት ያጓጓል። ግን ጂኦግራፊ እየተናገራችሁ ስለሆነ ሲምፕል ነው። በክረምት ድልድዩ ላይ ቆማችሁ የውሃውን ጉልበት ስታሳዩ ግን «ሉክ፣ ኢት ኢዝ ፍሎዊንግ ሶ ፋስት ቱዴይ» ትላላችሁ፤ አሁን የምትናገሩት ስለ ዛሬው ውሃ ነው። ጢስ ዓባይ ላይም እንዲሁ ነው፤ «ዘ ዋተር ፎልስ ሞር ዛን 40 ሚተርስ» የፏፏቴው ከፍታ ነው፣ የዛሬ ወሬ አይደለም።

ዘጌ ደርሳችሁ «ዘ ፒፕል ኦፍ ዘጌ ግሮው ኮፊ» ስትሉ ስለ አገሩ ኑሮ ነው የተናገራችሁት። አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ተሰጥቶ ስታዩ «ዜይ አር ድራዪንግ ኮፊ» ትላላችሁ። ጥሩ አስጎብኚ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር እንግዳው ሳያስበው ዓይኑን ያነሣል፤ ኮንቲኒውየሱ «ተመልከት» የሚል ስሜት አለውና።

ደንብ ስትናገሩ በተለይ ተጠንቀቁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ይህ ቋሚ ሥርዓት ስለሆነ «ዊመን ዱ ኖት ኢንተር ዚስ ሞናስተሪ» ይባላል። «ዊመን አር ኖት ኢንተሪንግ» ብትሉ ዛሬ ብቻ የተከለከለ ይመስላል፤ እንግዳዋ «ነገስ?» ብላ ብትጠይቃችሁ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ስለ እምቦጭ ስናገርስ?

እዚህ ኮንቲኒውየሱ ቦታው ነው። ቀስ እያለ የሚለወጥ ነገር፣ የሚስፋፋ፣ የሚቀንስ፣ የሚጨምር ሁሉ በኮንቲኒውየስ ይነገራል፦ «ዘ ዊድ ኢዝ ስፕሬዲንግ»፣ «ዘ ሲቲ ኢዝ ግሮዊንግ»፣ «ፕራይሰስ አር ራይዚንግ»። «ዘ ዊድ ስፕሬድስ ፋስት» ካላችሁ ግን ስለ አረሙ ባሕርይ ነው የምትናገሩት፤ ያም እውነት ነው፣ ግን የጣናን የዛሬ ጭንቀት አይነግርም።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ጊዜው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ከጠቀሳችሁ ሁለቱም ፕረዘንቶች አይሆኑም። እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው፤ «ኢት ኢዝ ስፕሬዲንግ ሲንስ 2011» ግን አይባልም። «ኢት ሃዝ ቢን ስፕሬዲንግ ሲንስ 2011» ነው። «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ 2010» የሚለውም በዚያው ሕግ ይታረማል፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ሂር»። አማርኛ «ከ2010 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ብሎ በሰላም ስለሚያልፈው ይህ ስሕተት ጎበዝ ተማሪዎችን እንኳ አይለቅም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሳብራራ እደናገራለሁ። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፣ ታሪኩ ደግሞ የድሮ ነው።

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። መልሱ የሚለየው ጣታችሁ የት እንዳለ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የበላኤ ሰብን ታሪክ እያሳያችሁ ነው እንበል። ጣታችሁ ሥዕሉ ላይ ካለ፣ ማለትም እንግዳው የሚያየውን እየነገራችሁ ከሆነ፣ ኮንቲኒውየስ ነው፦ «ኢን ዚስ ፒክቸር ሂ ኢዝ ጊቪንግ ዋተር ቱ ኤ ቤገር»፤ «ሰይንት ሜሪ ኢዝ ስታንዲንግ ኒር ዘ ስኬልስ»። ሠዓሊው ድርጊቱን መሐል ላይ ነው የያዘው፤ ውሃው ገና እየተሰጠ ነው።

ጣታችሁን አንሥታችሁ ታሪኩን መተረክ ስትጀምሩ ወደ ሲምፕል ትሻገራላችሁ፦ «ዚስ ማን ኪልስ ኤንድ ኢትስ 78 ፒፕል። ዜን ኤ ቤገር አስክስ ሂም ፎር ዋተር ኢን ዘ ኔም ኦፍ ሜሪ። ሂ ጊቭስ ሂም ኤ ሊትል»። በእንግሊዝኛ ታሪክን እንዲህ በሲምፕል ፕረዘንት መተረክ የተለመደ ነው፤ የመጽሐፍም ሆነ የፊልም ጭብጥ የሚነገረው በዚሁ ነው። በፓስት መተረክም ይቻላል፤ አንዱን ከመረጣችሁ ግን ታሪኩ እስኪያልቅ አትልቀቁት። በየዓረፍተ ነገሩ እየቀያየሩ መተረክ አድማጩን ያደክማል።

ሥዕሉ ምን እንደሚያስተምር ስትናገሩም ሲምፕል ነው፦ «ዚስ ፔይንቲንግ ሾውስ ዘ ፓወር ኦፍ ሄር ፕሬየር»።

አስተናጋጅ ነኝ። «አይ ዶንት ኢት ሚት» እና «አይ አም ኖት ኢቲንግ ሚት» ልዩነት አላቸው?

ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ ጾም የምናውቅ ሰዎች ደግሞ ቶሎ ይገባናል። «አይ ዶንት ኢት ሚት» የሚል እንግዳ ሥጋ የሚባል ነገር አይበላም፤ በፋሲካም ቢሆን ጥብስ አታቅርቡለት። «አይ አም ኖት ኢቲንግ ሚት» የሚል ሰው ግን ለጊዜው ነው የተወው፤ ሐኪም ከልክሎት ወይም ጾም ይዞ ሊሆን ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ «አይ አም ፋስቲንግ፣ ሶ አይ አም ኖት ኢቲንግ ሚት» ትላላችሁ። ስለ ረቡዕና ዓርብ ስትናገሩ ግን እየተመላለሰ የሚመጣ ልማድ ስለሆነ «አይ ዶንት ኢት ሚት ኦን ዌንስዴይስ ኤንድ ፍራይዴይስ» ነው።

ስትጠይቁም እንዲሁ ነው። «ዱ ዩ ኢት ፊሽ?» ዓሣ ይስማማዎታል ወይ የሚል ጨዋ ጥያቄ ነው። «አር ዩ ኢቲንግ ፊሽ?» ሳህኑ ፊቱ ቀርቦ እየበላ ያለን ሰው መጠየቅ ነው። ትእዛዝ ስትቀበሉ «ዋት ዉድ ዩ ላይክ?» ይበቃል።

«አይ አም ኖዊንግ» ለምን አይባልም? አሁን አውቃለሁ እኮ።

ማወቅ ድርጊት ስላልሆነ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ሁለት ሰዓት ላይ አትጨርሱትም። እንዲህ ያሉት ስቴቲቭ ቨርብ ይባላሉ፤ የአእምሮ፣ የስሜት፣ የባለቤትነትና የስሜት ሕዋስ ግሦች ናቸው፦ ኖው፣ አንደርስታንድ፣ ቢሊቭ፣ ሪሜምበር፣ ዋንት፣ ኒድ፣ ላይክ፣ ኦውን፣ ቢሎንግ፣ ሲም፣ ሂር። እነዚህ አሁንም ቢሆኑ በሲምፕል ነው የሚነገሩት። «ገብቶኛል» ለማለት «አይ አንደርስታንድ» በሉ። «እየገባኝ ነው» ለማለት «አይ አም አንደርስታንዲንግ» አትበሉ፤ «አይ አም ቢጊኒንግ ቱ አንደርስታንድ» ነው።

አንዳንዶቹ ሁለት ፊት አላቸው፤ እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። «አይ ሃቭ ኤ ቦት» ጀልባ አለኝ ነው፤ «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ምሳ እየበላሁ ነው። «አይ ቲንክ ኢት ኢዝ ጉድ» አስተያየት ነው፤ «አይ አም ቲንኪንግ አባውት ኢት» እያሰብኩበት ነው። «ዘ ሱፕ ቴስትስ ሶልቲ» ሾርባው ጨው በዝቶበታል ነው፤ «ሺ ኢዝ ቴስቲንግ ዘ ሱፕ» ወጥ ቤት ቆማ እየቀመሰች ነው። ይህንንም ያዙ፦ «ሂ ኢዝ ሩድ» ጠባዩ ነው፤ «ሂ ኢዝ ቢይንግ ሩድ» ዛሬ ነው እንዲህ የሆነው፣ ጠባዩ አይደለም። ስለ ሰው ስትናገሩ ይህችን ልዩነት ማወቅ ከስም ማጥፋት ያድናል።

የህንድ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች «አይ አም ኖዊንግ» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። በእነሱ አነጋገር የኖረ ነገር ነው፣ አትሳቁባቸው። ፈተና ላይ ግን አትጻፉት።

«አይ ሊቭ ኢን ባህር ዳር» ወይስ «አይ አም ሊቪንግ ኢን ባህር ዳር»?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከደብረ ታቦር መጥቶ ዶርም የሚኖር ተማሪ «አይ አም ሊቪንግ» ቢል ያምርበታል፤ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሲመረቅ ይሄዳል። ቤት ሠርቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው «አይ ሊቭ» ይላል። ባንኩም እንዲሁ ነው፤ «ሺ ዎርክስ ኢን ኤ ባንክ» ቋሚ ሠራተኛ፣ «ሺ ኢዝ ዎርኪንግ ኢን ኤ ባንክ ዚስ ሳመር» ለክረምቱ ብቻ።

ለአስጎብኚዎች፦ «ዌር ዱ ዩ ካም ፍሮም?» አገር ይጠይቃል። «ዌር አር ዩ ካሚንግ ፍሮም?» አሁን ከየት እንደመጡ ይጠይቃል፤ መልሱ «ፍሮም ላሊበላ» ወይም «ፍሮም ዘ ማርኬት» ሊሆን ይችላል።

«ነገ እሄዳለሁ» ለማለት «አይ ጎ ቱሞሮው» ይሆናል?

አይሆንም። የራሳችሁን ቁርጥ ያለ ዕቅድ በኮንቲኒውየስ ትናገራላችሁ፦ «አይ አም ጎይንግ ቱ ጎንደር ቱሞሮው»፤ «ዊ አር ሚቲንግ ዘ ግሩፕ አት ዘ ፖርት»። ሲምፕሉ ለወደፊት የሚያገለግለው በሰሌዳ የተጻፈ ፕሮግራም ሲሆን ነው፤ የአውሮፕላን፣ የአውቶቡስ፣ የትምህርት ሰዓት፦ «ዘ ፍላይት ዲፓርትስ አት ሰቨን»። ሰዓት ስትነግሩ ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓት ለፈረንጁ ሰባት መሆኑን አትርሱ። ቴንሱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ቢሳሳት ጀልባው ባዶውን ይቆማል።

«ኦልዌይስ» ካለ ሁልጊዜ ሲምፕል ነው?

አብዛኛውን ጊዜ። «ሂ ኦልዌይስ ካምስ ሌት» ማርፈዱን ይናገራል። «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ካሚንግ ሌት» ግን ምሬት አለበት፣ መረረኝ እንደማለት ነው። ለአለቃችሁ ስለ ባልደረባችሁ ስትናገሩ አስቡበት።

«አይ አም አግሪ» ስል ሁልጊዜ እታረማለሁ። ለምን?

«አም» ከመጣ ግሡ «አይኤንጂ» መያዝ አለበት፤ ካልያዘ «አም» ይውጣ። «አይ አግሪ» ይበቃል። «ዱ ዩ ጎይንግ?» የሚለውም ሁለቱን ያደባለቀ ነው፤ «ዱ» ከ«ጎ» ጋር፣ «አር» ከ«ጎይንግ» ጋር ነው የሚሄዱት። ከ«ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» በኋላ ሲምፕሉ ላይ «ኤስ» አትዘንጉ፤ ስትጠይቁ «ኤስ» ወደ «ዳዝ» ይሄዳል፣ ግሡ ላይ ደግሞ አይመለስም፦ «ዳዝ ሺ ዎርክ ሂር?»።

የኳስ ኮሜንታተሮች አሁን የሚሆነውን በሲምፕል ሲናገሩ እሰማለሁ። ተሳስተው ነው?

አልተሳሳቱም። «ሂ ፓሰስ፣ ሂ ሹትስ፣ ሂ ስኮርስ!» የሚባለው ድርጊቱ ከቃሉ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ነው፤ «እያገባ ነው» ለማለት ጊዜ የለም። ረዘም ላለው ነገር ግን እነሱም ኮንቲኒውየስ ይላሉ፦ «ባህር ዳር ከተማ አር ፕሌዪንግ ዌል ቱናይት»። ቤት ውስጥ ጨዋታ እያያችሁ ድምፁን ዘግታችሁ ራሳችሁ አስተላልፉ፤ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

የሥራ ማመልከቻ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

ሲጀመር «አይ አም ራይቲንግ ቱ አፕላይ ፎር» ይባላል፤ ደብዳቤው ራሱ እየተጻፈ ያለ ድርጊት ነው። ያላችሁን ችሎታ በሲምፕል ጻፉ፦ «አይ ስፒክ አማርኛ ኤንድ ኢንግሊሽ»፤ «አይ ሆልድ ኤ ዲግሪ»። ያልጨረሳችሁትን በኮንቲኒውየስ ጻፉ፦ «አይ አም ስተዲይንግ አካውንቲንግ»። ሲዘጋ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» መደበኛው ነው። «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» የሚለው ሞቅ ያለና የቀረበ ስለሆነ ለምታውቁት ሰው ያዙት።